ዜሮ ቁጥር ጠርሙስ

አክስቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥላት መጀመሪያ የደረሳት ሽታው ነው። ጓዳ ጥግ ተሰብሮ የተረሳ፣ ሳምንት የከረመ እንቁላል ይሸታል። ውሃውን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይልም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ስታደርገው ግን ከታች በኩል ከፀጉር ትንሽ የወፈረ ቀይ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። ክር መስሏት ብርጭቆውን ነቅነቅ አደረገችው። ክሩ ራሱን ፈታ፣ ተዘረጋ፣ ተመልሶ ተጠቀለለ።

ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋችው፤ ያም አልበቃትም፣ በሳህን ከደነችው።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ የኔ ልጅ?» አለች አክስቷ። «አጥልዬ አፍልቼ፣ እንደገና አጥልዬ ነው የምጠጣው። ሲፈላ ደግሞ ግማቱ መጋረጃው ላይ ሳይቀር ተጣብቆ ይውላል። የልጅቷን ክንድ አይተሽዋል?»

ልጅቷ የአክስቷ የልጅ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ክርኗን ታካለች። ከክርኗ እስከ ትከሻዋ ውሃ ቋጥሮ የፈረጠ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ የሆነ ቁስል ነው። ሆዷም ከሁለት ሳምንት ወዲህ አልቆም ብሏታል።

«አላመለከታችሁም?»

«ሳናመለክት ቀርተን ነው? ሄደን የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ ተባልን። ያው የናንተ ወረቀት ነዋ፣ ቦኖው ግድግዳ ላይ ያለው። በየወሩ አረንጓዴ ነው፣ ንጹሕ ነው ይላል።» አክስቷ የልጅቷን እጅ ከቁስሉ ላይ በቀስታ አነሳች። «እኔማ ጎረቤቶቼን ‹እዚያ ያለችው የኛ ልጅ ናት፣ ውሸት አትጽፍም› እያልኩ አፋቸውን ሳዘጋ ነው የከረምኩት።»

ከሽታውም ከትሉም ይልቅ የከበዳት ይህ ነው። ወረቀቱን በየወሩ መጨረሻ የምታትመው እሷ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ አትማዋለች።

መሥሪያ ቤቱ የከተማው ውሃ የሚፈተሽበት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ላቦራቶሪው አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ፣ መስኮቱ የማይዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እሷ ከኮምፒውተሯ ጋር ትቀመጣለች። ሥራዋ ከላቦራቶሪው የሚመጣውን ቁጥር መቀመር ስለሆነ ቀማሪዋ ይሏታል፤ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ላቦራቶሪውን የምትመራው ሴትም ጓንት ነው የምትባለው፤ ምሳ ስትበላ ካልሆነ በቀር ጓንቷን አታወልቅም። የሁለቱም አለቃ ደግሞ ስለ ምንም ነገር ሲጠየቅ፣ ስለ ሚስቱ ጤናም ቢሆን፣ «በአማካይ ደህና ነው» የሚል ሰው ነው። ከኋላው አማካይ ይሉታል። ፊት ለፊቱ ኢንጂነር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቀማሪዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

አሠራሩ ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። መኪናው በየሰፈሩ ዞሮ ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ በትናንሽ ጠርሙስ ያመጣል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ቁጥር ይሰጠዋል። ጓንት በየጠርሙሱ ያለውን ጀርም ትቆጥራለች፤ ቆጠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ በአንድ ረጅም ሰልፍ ይደረደራል። ሰልፉ ሰፈር አያውቅም፤ የሚያውቀው ማን ስንተኛ እንደቆመ ብቻ ነው። ሰፈሩን የሚያውቀው ሌላ ዝርዝር ነው፤ «የዚህ ሰፈር ጠርሙሶች አምስተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሥራ አራተኛው ናቸው» የሚል የቦታ ቁጥር ዝርዝር። ኮምፒውተሩ ዝርዝሩን ይዞ ወደ ሰልፉ ይሄዳል፣ የተባሉትን እየጠራ ያወጣል፣ ደምሮ ያካፍላል። ውጤቱ ከሃያ በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከበለጠ ቀይ።

ችግሩ ዝርዝሮቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። መኪናው አስፋልት ይወዳል። ላይኛው ሰፈር መንገዱ ለጥ ያለ ስለሆነ በወር አርባ ጠርሙስ ይወሰድበታል። አክስቷ ያለችበት ታችኛው ሰፈር ጭቃ ነው፤ ሦስት ከመጣ ብዙ ነው።

የታችኛውን ሰፈር ዝርዝር ጠራችው። ስክሪኑ ላይ 112 መጣ፣ ቀጥሎ 113፣ ቀጥሎ 260። ከዚያ በኋላ ዜሮ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ እስከ መስመሩ ጫፍ ድረስ። ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ ሰባት ናቸው።

ዜሮዎቹን ከዚህ በፊት አይታቸዋለች። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ወር ምን እንደሆኑ ጠይቃም ነበር። አማካይ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «ፕሮግራሙ ሁሉም መስመር እኩል ካልሆነ አልቀበልም ይላል። ባዶ ቦታ መሙያ ናቸው፣ እነሱን ተያቸው» አላት። አዲስ ነበረች፤ ተወቻቸው።

አሁን ግን ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ለኮምፒውተሩ ባዶ የሚባል ነገር የለም። መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ነው። የቦታ ዝርዝር ውስጥ ዜሮ ያገኘ እንደሆነ ምንም የለም ብሎ አያልፍም፤ የሰልፉን የመጀመሪያ ጠርሙስ ነው አውጥቶ የሚያመጣው። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ዜሮ ከተባለ፣ ያንኑ አንድ ጠርሙስ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ያመጣዋል።

ተነሥታ ወደ ላቦራቶሪው ገባች። ጓንት ሙቀት መያዣውን ካቢኔ ከፍታ ክብ የፕላስቲክ ሳህኖች እያወጣች ነበር። ክፍሉ የተረሳ የእግር ሹራብ ይሸታል።

«ሰልፉ ውስጥ የመጀመሪያው፣ ዜሮ ቁጥር ጠርሙስ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፣» አለች ጓንት ሳትዞር። «እኔ የማስቀምጠው የተጣራ ውሃ ነው። እጄና ዕቃዬ ንጹሕ መሆኑን የማይበት ነው። ምንም አይበቅልበትም፤ ከበቀለበት የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ እደፋዋለሁ። ምነው?»

«የታችኛው ሰፈር ሦስት ጠርሙሶች ስንት ስንት ነው የቆጠርሽባቸው?»

ጓንት ደብተሯን አላየችም። ከካቢኔው ታችኛ መደርደሪያ አንድ ሳህን አንሥታ ክዳኑን ገለጥ አደረገችላት። ሳህኑ ላይ የበቀለው ነገር የእንቁራሪት ጀርባ ይመስላል፤ ቢጫና ግራጫ እብጠት በእብጠት ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ተዋውጦ፣ መሃሉ እርጥብ። ሽታው አፍንጫ ብቻ ሳይሆን ጉሮሮ ድረስ ይገባል። ቀማሪዋ በእጇ ጀርባ አፏን ሸፈነች።

«አንዱ መቶ ሰማንያ አራት፣ አንዱ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ መቶ ዘጠና ሰባት፣» አለች ጓንት። ክዳኑን መለሰች። «በወረቀታችሁ ላይ አሥራ አምስት ሆኖ ይወጣል። ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል? ለሰውየው ነዋ። ሁለት ዓመት አልፎታል። ደብተሬን ይዤ ቢሮው ድረስ ሄጄ አሳየሁት። ‹አንቺ የምታዪው ጠርሙስ ነው፣ እኛ የምናወጣው አማካይ ነው› አለኝ። የሂሳብ ሰው አይደለሁም። አንቺም በየወሩ ስትፈርሚበት ሳይ፣ ልክ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ቀማሪዋ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በወረቀት ሠራችው። የሦስቱ ድምር ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ለሦስት ሲካፈል ሁለት መቶ አራት። በሠላሳ ሰባት የተጣራ ውሃ ተበርዞ ለአርባ ሲካፈል ግን አሥራ አምስት። አረንጓዴ። ነገሩን ገልብጣ ብታየው የባሰ ነው፤ መኪናው ብዙ የሚሄድበት ሰፈር የራሱ ቁጥር ይወጣለታል፣ መኪናው የማይደርስበት ሰፈር ደግሞ ባልተመረመረ ቁጥር እየጸዳ ይሄዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ቀይ ወጥቶባቸው የሚያውቁት ሁለት ሰፈሮች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ጠርሙስ የሚበዛባቸው።

አማካይ ቢሮው ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጋዜጣ በቅርፊት ተሞልቷል። የታሸገ ውሃ ከጎኑ አለ፤ ከቧንቧ ሲጠጣ ያየው ሰው የለም። ያገኘችውን ቆማ ነገረችው፤ አቋረጠችም አላሳጠረችም። እስክትጨርስ ድረስ አንዱን እንቁላል በልቶ ሁለተኛውን ጀመረ።

«አውቃለሁ፣» አለ።

እንዲደነግጥ ነበር የጠበቀችው፤ ወይም እንዲክድ።

«ያውቃሉ?»

«ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ? መጀመሪያ ላይ አላስተዋልኩትም ነበር፤ በኋላ አየሁት። ግን እስቲ አስቢው። ሦስት ጠርሙስ ምን ማስረጃ ይሆናል? በሦስት ጠርሙስ ተነሥተን ሰፈሩን ቀይ ብንለው ሕዝብ ይሸበራል። ዜሮው ነገሩን ያለዝበዋል።»

«ሰዎቹ እየታመሙ ነው እኮ። ውሃው ውስጥ ትል አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በአማካይ ሲታይ የከተማው ውሃ ደህና ነው።»

ከከንፈሩ ጥግ የእንቁላል አስኳል ፍርፋሪ ተጣብቋል። ሲናገር ይነቃነቃል እንጂ አይወድቅም። ዓይኗን ከዚያ ላይ ማንሣት አቃታት። ይህን ሰው በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለው ነበር፤ አንድ ጊዜም በልደቱ ቀን ኬክ ቆርሶ አጉርሷታል። አሁን ያ ኬክ ከሦስት ዓመት በኋላ ጉሮሮዋ ላይ የመጣ መሰላት።

«ደግሞም፣» አለ እጁን በጋዜጣው እየጠረገ፣ «ፊርማው ያንቺ ነው። የኔ ብቻ አታድርጊው።»

ወጣች። መታጠቢያ ቤት ገባች። ፊቷን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተችና የወረደውን ውሃ ትንሽ ቆማ አየችው። ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ የሚያመጣውን ሾፌር ታችኛው ሰፈር እንዲያደርሳት ለመነችው። ሾፌሩ ዕድሜውን በዚህ መኪና የፈጀ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። «እዚያ ጭቃ ውስጥ ከገባን አንቺ ነሽ የምትገፊው» አለ፤ ግን አደረሳት። የሰፈሩ ማጠራቀሚያ ከጉብታው ላይ የቆመ ትልቅ የሲሚንቶ ጋን ነው። ዘበኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«ውስጡን ማየት እንችላለን፣ አባባ?»

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያት። «ከማየት የሚከለክላችሁ ክዳን የለውም፤ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል። ቢቀርብሽ ግን ይሻልሽ ነበር።»

የብረት መሰላሉን ወጣች። የመጨረሻው እርከን ላይ ስትደርስ ሽታው ደረቷን ገፋት። ውሃው ላይ ዝልግልግ ያለ አረንጓዴ ቆዳ ተዘርግቷል። ከቆዳው መሃል ላባ ወጥቷል፤ ሌላም ላባ፣ ከዚያ የላባዎቹ ባለቤት፣ ሆዷ የተነፋ እርግብ። ከእሷ ወዲያ ሁለት ሌሎች ነበሩ፤ አንዷ ግማሽ ብቻ ናት። ግድግዳው ዳር፣ ውሃው በደረሰበት ልክ፣ ቀያዮቹ ትሎች እንደ ጭገር ተተክለው አብረው ይወዛወዛሉ። በጣም ብዙ ነበሩ። ከሥር፣ ውሃው ወደ ሰፈሩ በሚወጣበት ቧንቧ አፍ ላይ፣ የሞተ አይጥ በጅራቱ ተይዞ ውሃው በሳበው ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። መሬት ስትደርስ ሾፌሩ ክንዷን ያዛት። ለመቀለድ አልሞከረም።

«ተናግረዋል ለሰው?» አለችው ዘበኛውን፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«እንዴታ። ሦስት ጊዜ። ‹ያንተን ዓይን እንመን ወይስ ላቦራቶሪ የመረመረውን?› ይሉኛል። ወረቀቱ አረንጓዴ ነው አሉ።» መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ወደ ጎን ተፋ። «እኔ የምጠጣውን ከቤቴ ይዤ ነው የምመጣው።»

ከዚያው ወደ አክስቷ ቤት ወረደች። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ቧንቧ ጠብታ እንዳትቀምስ፣ ለጎረቤትም እንድትናገር ነገረቻት። ከዚያ የተፈጠረውን ሁሉ፣ ዜሮውንም፣ የራሷን ፊርማም፣ አንድ በአንድ አስረዳቻት። አክስቷ እስክትጨርስ ሰማቻት።

«ወረቀቱን ሳታነቢው ነበር እንዴ የምትፈርሚው?»

«አነብበው ነበር።»

«አሥራ አምስት የሚለውን ታዪው ነበር።»

«አየው ነበር።»

«በየሳምንቱ እዚህ ትመጪ ነበር፤ ‹ውሃችሁ ይሸታል አክስቴ› ትዪኝ ነበር።»

አክስቷ ተነሥታ የልጅቷን ጫማ አጠለቀችላት። «ክሊኒክ ልወስዳት ነው» አለች፤ አብራት እንድትሄድ ግን አልጠየቀቻትም። ይህ ከቁጣ የባሰ ነበር። ያሳደገቻት ሴት ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ስትሸሽባት አየች።

በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ፕሮግራሙን ከሥር ጀምሮ ጻፈችው። ዝርዝሮቹን እኩል ለማድረግ አልሞከረችም። ሁሉንም እንደየቁመታቸው ጫፍ ለጫፍ ቀጥላ አንድ ረጅም መስመር አደረገቻቸው፤ ከጎኑ ደግሞ የማን ዝርዝር የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚናገር ሌላ አጭር ዝርዝር አኖረች። አርባ ያለው ለአርባ ይካፈላል፣ ሦስት ያለው ለሦስት። የሌለውን የሚሞላ የለም። ውጤቱም ላይ ጠርሙሱ ስንት እንደሆነ አብሮ ይጻፋል፣ ሦስት ብቻ መሆኑን ማንም እንዲያይ።

ከሃያ ስድስቱ ሰፈሮች አሥራ አንዱ ቀይ ወጡ። አሥራ አራቱ አረንጓዴ። በአንዱ ላይ ፕሮግራሙ ቆመና ስህተት አለ።

ዳገቱ የሚባለው ሰፈር ነው። ዝርዝሩን ከፈተችው፤ ውስጡ ምንም የለም። አንድም ጠርሙስ ተወስዶበት አያውቅም። በአሮጌው ፕሮግራም አርባውም ቦታ ዜሮ ነበር፤ አርባ ጊዜ የጓንት የተጣራ ውሃ። ስለዚህ ዳገቱ በየወሩ ከከተማው አንደኛ ንጹሕ ሰፈር ሆኖ ነው የሚወጣው። ባለፈው ዓመት የምስክር ወረቀት ተልኮለታል። አማካይ ራሱ ነበር ማኅተም ያደረገበት። ቀማሪዋ ብቻዋን ተቀምጣ ሳቀች፤ ሳቁ አፏ ውስጥ መረራት።

ለጊዜው ዳገቱን ወደ ጎን አድርጋ የሃያ አምስቱን ሰፈር ውጤት አተመች። ጓንት የደብተሯን ኮፒ አያያዘችበት፤ ሁለቱም ፈረሙ። ለአማካይ አልሰጡትም። መዝገብ ቤት ወስደው ገቢ አስደረጉት፤ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተመታበትና በቀጥታ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጇ ወጣ። ቁጥር የወጣለት ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ መጥፋት ያስቸግረዋል።

ስብሰባው የተጠራው በማግስቱ ነው። ቀማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ለጠብ ተዘጋጅታ ገባች። አማካይ ቀድሟት ተቀምጧል፤ ከረባት አድርጓል። ሥራ አስኪያጇ ገና ሳትጀምር እጁን አነሣ።

«ክፍላችን ባደረገው የውስጥ ማጣራት፣» አለ፣ «በቀመሩ ላይ መሻሻል የሚገባው ነገር ማግኘታችንን ስገልጽ ደስ ይለኛል። ወጣት ባለሙያዎቻችን በሰጠኋቸው አቅጣጫ መሠረት በአጭር ጊዜ አስተካክለውታል።» ወደ ቀማሪዋ ዞሮ አባታዊ ፈገግታ ፈገግ አለላት።

ጓንት ጠረጴዛው ሥር የቀማሪዋን ጉልበት ጨበጠች።

«አቅጣጫ አልሰጡኝም፣» አለች ቀማሪዋ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ዝግ ብሎ ወጣ። «ስነግርዎ አውቃለሁ ነው ያሉኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊም ከሁለት ዓመት በፊት ነግራዎታለች። እኔም ሦስት ዓመት ፈርሜበታለሁ። ይህ ሁሉ ደብዳቤው ላይ አለ።»

አንድ ሰው እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤውን አገላበጠች፤ አነበበችውም፤ ሊባል የሚገባውን እንደሚያውቅ ሰው ረጋ ብላ መነጽሯን አወለቀች። «ያለፈውን እየቆፈርን ጊዜ አናጥፋ። ዋናው መታረሙ ነው። አሥራ አንዱ ሰፈሮች ዛሬውኑ ይነገራቸው፤ ማጠራቀሚያዎቹ ተዘግተው ይታጠቡ፤ እስከዚያ ውሃ በቦቴ ይሂድላቸው። ኢንጂነር፣ እርስዎ ይከታተሉት።»

«በደስታ፣» አለ አማካይ።

በዚህ ተጠናቀቀ። ሥራው ግን ተሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የታችኛው ሰፈር ጋን ተደፍቶ ተፋቀ፣ አዲስ ክዳን ተገጠመለት፤ ዝቃጩን ያወጡት ሠራተኞች በባሬላ ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል። ልጅቷ በወሩ መጨረሻ ቁስሏ ደረቀ። አማካይ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው፤ በፍሬም አድርጎ ከወንበሩ ጀርባ ሰቀለው። ቀማሪዋ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር የእንቁላሉ ሽታ ይመጣባታል፤ ሥራ ለመልቀቅ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፋ ሁለት ጊዜ ቀደደችው። እሷ ብትሄድ ዝርዝሩን ማን እንደሚሞላው፣ በምን እንደሚሞላው ታውቃለች። ከአክስቷ ጋር ተነጋግረዋል፣ ይደዋወላሉ። ግን አክስቷ አሁን ስለ እሷ ለጎረቤት አታወራም።

የቀረው ዳገቱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ጠርሙሶች በሳጥን ይዛ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ዳገቱ? እዚያ መኪና አይወጣም፣» አለ።

«እስከሚወጣበት ድረስ ውሰደኝ፤ የቀረውን በእግር እንሄዳለን።»

አርባ ደቂቃ በእግር ወጡ። ላይ ሲደርሱ ቦኖው መሃል አደባባዩ ላይ ቆሟል፤ አራት ቧንቧ አለው። አንዱን ከፈተችው። ሲር የሚል ድምፅ እንኳ የለም፤ ከአፉ ሸረሪት ወጣች። አንዲት ሴት በራፏ ላይ ልብስ እያሰጣች ታያቸው ነበር፤ ቀረብ አለች።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«የውሃ መሥሪያ ቤት ነን። ውሃውን ልንለካ ነው።»

«የቱን ውሃ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋው?»

«ይሄ ሳይወለድ ነው፣» አለች ሴትየዋ ቀሚሷን ይዞ የቆመውን ልጅ እያመለከተች። «ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። ባለፈው ደግሞ የምስክር ወረቀት ላካችሁልን፣ ከሁሉ ንጹሕ ብላችሁ። ስድብ መስሎን ነበር።»

ሾፌሩ ፊቱን ወደ ሸለቆው አዞረ።

ሴትየዋ የሚቀዱበትን አሳየቻቸው። ከቤቶቹ ጀርባ የሚወርድ ቦይ ነው፤ ከላይ ቆዳ የሚለፋበት ፋብሪካ አለ። ውሃው ግራጫ ነው፤ ጠርዙ ላይ አረፋ ረግቶ፣ ፀጉር የተጣበቀበት ቁራጭ ቆዳ ይዞ ቆሟል። ሁለት ሴቶች አረፋውን በጣሳ ገፋ ገፋ እያደረጉ ከሥሩ ጀሪካን ይሞላሉ። ቀማሪዋ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እግሯ ሥር ያለው ነገር ለስላሳና ሙቅ ነበር። ጠርሙሱን ዘፍቃ ስትሞላው ውሃው በጣቶቿ መካከል እንደ ዘይት ተንሸራተተ። እጇን ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ብታጥበውም ቅባቱ አልለቀቃትም።

ጓንት በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ከካቢኔው አውጥታ ጠራቻት። የሚለይ እብጠት የለም፤ ሳህኑ በሙሉ አንድ ድፍን ወፍራም ነገር ሆኗል፤ ክዳኑን ገፍቶ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ይህ አይቆጠርም፣» አለች ጓንት። «ደብተሬ ላይ ‹ከመቆጠር በላይ› ብዬ ነው የምጽፈው።»

አማካይ የወሩን ወረቀት ሊወስድ መጥቶ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። «ሰልፉ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ነው፤ ቃል አይገባም፣» አለ። «ለዳገቱ አንድ ቁጥር ስጡትና ወረቀቱ ይውጣ። መቶ በሉት፤ መቶም ቀይ ነው።»

ቀማሪዋ አላየችውም። ፕሮግራሙን ከፍታ፣ ቁጥር በሌለበት ቦታ ጓንት የጻፈችውን ቃል እንዳለ እንዲያትም አድርጋ ጥቂት መስመሮች ጨመረች። ስትጨርስ አታሚው ወረቀቱን ተፋው። «ዳገቱ፤ የቧንቧ ውሃ የለም። ከቦይ የተወሰደ ጠርሙስ አንድ። ውጤት፤ ከመቆጠር በላይ።» ፈረመችበት፣ ለጓንት አሳለፈችው። ጓንትም ጓንቷን ሳታወልቅ ፈረመች።

«ይህን ሥራ አስኪያጇ አትወደውም፣» አለ አማካይ።

«እኔም አልወደድኩትም፣» አለች ቀማሪዋ፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች።

የመጀመሪያው ቦቴ ዳገቱ ሥር የደረሰው ወረቀቱ መዝገብ ቤት በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።